በተለያዩ ስርዓተ ክወናዎች ላይ የሚሠሩ ስክሪፕቶች፦ የብልሽት ምንጮችና የምርመራ ቅደም ተከተል

ስክሪፕት በራሱ አይሠራም። ሥራውን የሚፈጽሙት መስመሮቹን የሚያነበው ተርጓሚ፣ በውስጡ የሚጠሩት ትእዛዞችና ሁሉንም የሚያስተዳድረው ስርዓተ ክወና ናቸው። በሊኑክስ ላይ ያለ እንከን የሠራ ስክሪፕት በማክ ወይም በዊንዶውስ ላይ ሲወድቅ ከጽሑፉ አንድ ፊደል ባይለወጥም ከእነዚህ አንዱ ተለውጧል ማለት ነው። ስለሆነም መስመሮቹን ከመነካካት በፊት የተለወጠውን መለየት ይቀድማል። የምርመራው ቅደም ተከተልም ሥራው ራሱ የሚሄድበትን መንገድ ይከተላል፦ ተርጓሚው፣ ትእዛዞቹ፣ የፋይል አድራሻዎችና ፊደላት፣ በመጨረሻም የመውጫ ኮዱ።

ተርጓሚው

በዩኒክስ ቤተሰብ ስርዓቶች የተርጓሚው አድራሻ በስክሪፕቱ የመጀመሪያ መስመር ከ #! ምልክት ቀጥሎ ይጻፋል። እዚህ ላይ በብዛት የሚያጋጥመው ብልሽት በዓይን አይታይም። ዊንዶውስ በተለምዶ እያንዳንዱን መስመር በባይት 13 እና 10 ይዘጋል፤ ሊኑክስና የዛሬው ማክ ግን በባይት 10 ብቻ ይዘጋሉ። በዊንዶውስ ተጽፎ ወደ ሊኑክስ የተወሰደ ስክሪፕት ባይት 13ን ከተርጓሚው ስም ጋር አጣብቆ ስለሚሄድ ስርዓቱ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ፈልጎ ያጣል። መልእክቱ ፋይሉ የለም ቢልም ስክሪፕቱ በቦታው አለ። ባይቶቹን አንድ በአንድ የሚያሳየው የኦዲ ትእዛዝ ምክንያቱን ወዲያው ይገልጣል።

ሁለተኛው ምክንያት ስሙ አንድ፣ ማንነቱ ግን የተለያየ ተርጓሚ ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ስርጭት እ.ኤ.አ. በ2006 በወጣው 6.10 እትሙ ኤስኤች የሚለውን ስም ከባሽ አንሥቶ ለዳሽ ሰጠ። ዳሽ ቀላልና ፈጣን ቢሆንም በባሽ የተለመዱትን ድርድሮችና በድርብ የማዕዘን ቅንፍ የሚጻፉ መፈተሻዎችን አያውቅም። ማክ ደግሞ የባሽን 3.2 እትም እንደያዘ ስለቆየ በ4.0 እትም የተጨመሩ ችሎታዎችን የሚጠቀም ስክሪፕት እዚያ ይሰናከላል።

ትእዛዞቹ

ተርጓሚው ትክክል ሆኖ ሲገኝ ምርመራው ወደ ትእዛዞቹ ያልፋል። ፋይልን ባለበት የሚያርመው ሴድ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሊኑክሱ ሴድ የመጠባበቂያ ቅጂውን ቅጥያ ሳይጠይቅ ያርማል፤ የማኩ ግን ቅጥያውን በግድ ስለሚፈልግ ቀጥሎ ያገኘውን የማረሚያ መመሪያ እንደ ቅጥያ፣ የፋይሉን ስም ደግሞ እንደ መመሪያ ይወስደዋል። የሚወጣው መልእክት ከእውነተኛው ምክንያት የራቀ የሚሆነው በዚህ የተነሣ ነው። ፋይንድ በዩኒክስ ፋይል ሲፈልግ በዊንዶውስ በፋይል ውስጥ ያለ ጽሑፍ ይፈልጋል። ፓወርሼል በተባለው የዊንዶውስ ተርጓሚ 5.1 እትም ከርል የሚለው ስም የከርል ፕሮግራም ሳይሆን የሌላ ትእዛዝ ተለዋጭ መጠሪያ ነው። በዩኒክስ ታይፕ፣ በፓወርሼል ጌት ኮማንድ የሚባሉት ትእዛዞች በስሙ የሚነሣው የትኛው ፕሮግራም እንደሆነ ያሳያሉ።

በእጅ ሲነሣ የሚሠራ፣ በክሮን የጊዜ ሰሌዳ ሲነሣ ግን የሚወድቅ ስክሪፕትም አለ። ክሮን ትእዛዞች የሚፈለጉባቸውን ማውጫዎች በጣም አሳጥሮ ስለሚያስነሣው፣ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ መጻፍ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

አድራሻና ፊደል

ዩኒክስ ማውጫዎችን በ / ሲለይ ዊንዶውስ በ \ ይለያል። በሊኑክስ ትልቅና ትንሽ የላቲን ፊደል የተለያዩ ስሞችን ይሠራሉ፤ ዊንዶውስና ማክ ግን እንደመጡ ካልተስተካከሉ በቀር አይለዩአቸውም።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ከሁሉ ይልቅ የሚከብደው የፊደል ኢንኮዲንግ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ተካቷል፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። የአማርኛ የፋይል ስሞችን የያዘ ዝርዝር በቀድሞ የዊንዶውስ የኮድ ገጾች ሲያልፍ ፊደላቱ ወደ ጥያቄ ምልክት ሊለወጡ ይችላሉ፤ አንዴ እንዲህ ከተጻፈ ፋይል ደግሞ ዋናዎቹን መልሶ ማግኘት አይቻልም። ፓወርሼል 5.1 ውጤትን በ > ወደ ፋይል ሲያዞር በዩቲኤፍ-16 ይጽፋል፤ 7ኛው እትም በዩቲኤፍ-8 ይጽፋል። ኢንኮዲንጉን በስክሪፕቱ ውስጥ በግልጽ መወሰን ከዚህ ጥፋት ያድናል።

የመውጫ ኮዱ

እያንዳንዱ ትእዛዝ ሲጨርስ ቁጥር ይመልሳል። 0 መሳካትን ያመለክታል። ሼል በሚባሉት የዩኒክስ ተርጓሚዎች 127 ትእዛዙ እንዳልተገኘ፣ 126 ተገኝቶ ማስኬድ እንዳልተቻለ ይናገራል። 137 ደግሞ 128 ሲደመር 9 ነው፤ ፕሮግራሙ በ9 ቁጥር ሲግናል በግድ መቆሙን ያሳያል፤ የማህደረ ትውስታ እጥረት አንዱ የተለመደ ምክንያት ነው። በባሽ በቧንቧ ምልክት የተያያዙ ትእዛዞች የሚመልሱት የመጨረሻውን ኮድ ብቻ ስለሆነ የፊተኛው ውድቀት ተሸፍኖ ሊያልፍ ይችላል። ፓይፕፌይል የተባለው ቅንብር ይህን ይከላከላል።

ከብልሽት በፊት የሚደረግ ጥንቃቄም አለ። የፖዚክስ ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1988 ወጥቶ በ1992 ሼሉንና ትእዛዞቹን ያካተተው የዩኒክስ ስርዓቶች እንዲግባቡ ነው፤ በእርሱ ወሰን የተጻፈ ስክሪፕት በሊኑክስና በማክ መካከል እምብዛም አይቸገርም። ዊንዶውስም ሲጨመር በሦስቱም ላይ የሚሠሩትን ፓይተንን ወይም ፓወርሼል 7ን መምረጥ ይሻላል። ያም ሆኖ በአንድ ስርዓት ላይ ብቻ የተሞከረ ስክሪፕት በሌሎችም ይሠራል ሊባል አይገባም፤ ማረጋገጫው በእያንዳንዱ ላይ አስኪዶ ማየት ነው።