ሙስጠፋ ሴንተር

ሙስጠፋ ሴንተር በሲንጋፖር ሊትል ኢንዲያ በሚባለው የሕንዶች ሰፈር፣ በሰይድ አልዊ መንገድ ላይ የሚገኝ ግዙፍ መደብር ነው። ስፋቱ ብዙውን ጊዜ 400,000 ካሬ ጫማ (37,000 ካሬ ሜትር ገደማ) ተብሎ ይጠቀሳል፤ የሚሸጣቸው የዕቃ ዓይነቶች ደግሞ መደብሩ እንደሚለው ከ300,000 በላይ ናቸው። በአቅራቢያው ያለው የባቡር ጣቢያ ፋረር ፓርክ ነው። ከሁሉ በላይ የታወቀው ግን ለዓመታት ቀንና ሌሊት ሳይዘጋ በመሥራቱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አመሠራረት

የመደብሩን መነሻ የሚተርኩ ጽሑፎች በአንድ ዓመት አይስማሙም። በብዛት የሚጠቀሰው 1971 ነው። በዚያ ዓመት ሙስጣቅ አሕመድ ከአባታቸው ከመሐመድ ሙስጠፋና በአብዛኛው አጎታቸው ተብለው ከሚጠሩት ከሳምሱዲን ጋር ሆነው በካምቤል ሌን ጠባብ የልብስ ሱቅ ከፈቱ። ድርጅቱም የሁለቱን ታላላቆች ስም ያዘ፤ የልጁ ስም አልገባበትም።

ሌሎች ተራኪዎች ወደ 1950ዎቹ ይመለሳሉ። አባትየው ከሕንድ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት መጥተው በዚያው በካምቤል ሌን ሻይና ምግብ በጋሪ ይሸጡ ነበር፤ በልጅነታቸው ወደ ሲንጋፖር የመጡት ሙስጣቅም ከጋሪው አጠገብ መሃረብ ዘርግተው ይነግዱ ነበር ይባላል። ይህ ታሪክ ለጆሮ ስለሚጥም በጋዜጦች ሁሉ ይደጋገማል። ሦስተኛው ወገን ደግሞ አሁን ያለው ሕንፃ የተከፈተበትን 1995ን ይወስዳል። ስለ ሕንፃው ለሚጠይቅ መልሱ 1995 ቢሆንም፣ ስለ ንግዱ ከሆነ ግን ጋሪው ምግብ እንጂ ልብስ ስላልሸጠ፣ የድርጅቱም ስም ከ1971ዱ ሱቅ ስለመጣ፣ ያኛው ዓመት ሚዛን ይደፋል።

በመካከሉ ያለው ዘመን ባጭሩ እንዲህ ነው። ከልብስ ቀጥሎ ኤሌክትሮኒክስ ተጨመረ። በ1980ዎቹ አጋማሽ መንግሥት የካምቤል ሌኑን ቦታ ሲወስድ ንግዱ ሰራንጉን ፕላዛ ወደሚባለው የገበያ ሕንፃ ተዛወረ፤ ከዚያም ቤተሰቡ በሰይድ አልዊ መንገድ ያሉትን ቤቶች እየገዛ አሁን ያለውን ሕንፃ ሠራ። ሰራንጉን ፕላዛ በ2017 ተዘግቷል።

ዋጋና አሠራር

ገዢና ሻጭ በዋጋ መከራከር በለመዱበት ሰፈር ሙስጠፋ ቁርጥ ዋጋ ለጥፎ መሸጡ እንደ አንድ የስኬቱ ምክንያት ይቆጠራል። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው ለማለት ግን ያስቸግራል፤ የዕቃው ብዛትም የራሱ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም።

መተላለፊያዎቹ ጠባብ፣ መደርደሪያዎቹ እስከ ጣሪያ የሞሉ ናቸው። ባስማቲ ሩዝ፣ የቻፓቲ ዱቄት፣ የማንጎ አቻርና ቅመም ሁለተኛው ፎቅ ላይ ይገኛሉ። በዚያው ሕንፃ የወርቅ ጌጣጌጥ፣ የእጅ ሰዓት፣ ሽቶ፣ መድኃኒትና ሻንጣ ይሸጣል፤ የገንዘብ ምንዛሪም አለ።

ጎብኚዎች ደጋግመው የሚያወሩት ስለ ፌስታሉ ነው። ሒሳብ ከተከፈለ በኋላ ሠራተኛው የፌስታሉን አፍ ሰብስቦ፣ ኤሌክትሪክ ሠራተኞች ገመድ በሚያስሩበት ዓይነት ፕላስቲክ ጥርቅም አድርጎ ያስረዋል። ከውጭ ይዘው የገቡት ቦርሳ ካለም ዚፑ በር ላይ እንዲሁ ይታሰራል። ያልተከፈለበት ዕቃ እንዳይገባበት የተዘየደ ዘዴ መሆኑ ግልጽ ነው። ማሰሪያው በእጅ አይፈታም፤ የገዛውን ውኃ እዚያው በር ላይ መጠጣት የፈለገ ሰው የሚቆርጥበት ነገር መፈለግ ይኖርበታል።

ደንበኞች

በመደብሩ ታሪክ ውስጥ ባለቤቱ ሙስጣቅ ጎልተው ሲወጡ ገዢዎቹ ከበስተኋላ ቀርተዋል። እሑድ ከሕንድና ከባንግላዴሽ የመጡ የግንባታ ሠራተኞች በሰራንጉን መንገድ ዙሪያ ይሰበሰባሉ፤ ብዙዎቹም ወደ ሙስጠፋ ጎራ ይላሉ። ቀኑን ሙሉ ሥራ ላይ ለሚውል ሰውና አውሮፕላኑ በሌሊት ለሚነሳ መንገደኛ በእኩለ ሌሊት የተከፈተ ሱቅ ቅንጦት አይደለም።

የሥራ ሰዓት

የሃያ አራት ሰዓቱ አገልግሎት የጀመረው በአብዛኞቹ ምንጮች መሠረት በ2003 ነው። ሚያዝያ 2020 መጀመሪያ ላይ ከመደብሩ ጋር የተያያዙ የኮሮና ታማሚዎች በመገኘታቸው ሕንፃው ለጊዜው ተዘጋ፤ የጤና ሚኒስቴርም በውጭ አገር ሠራተኞች የጋራ መኖሪያዎች የታዩት አንዳንድ ስርጭቶች ከመደብሩ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ገለጸ። በግንቦት እንደገና ሲከፈት ግን የሌሊቱ አገልግሎት አብሮ አልተመለሰም፤ በኋለኞቹ ዓመታት መደብሩ በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል እስከ ሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲሠራ ቆይቷል። ብዙ የጉዞ መጻሕፍት አሁንም «24 ሰዓት» እያሉ መጻፋቸውን አልተዉም።

ምግብ ቤት

በሕንፃው አናት ላይ የሰሜን ሕንድ ምግብ የሚያቀርብ ምግብ ቤት አለ።