የጳጉሜን 1 ባዶ ረድፍ

ጳጉሜን ሲገባ ሰፈራችን በሌሊት ይነቃል። ከየካ ሚካኤል አካባቢ ተነስተው፣ ጀሪካን አንጠልጥለው ወደ እንጦጦ ጠበል የሚወጡ ሰዎች ኮቴ ነው የሚቀሰቅሰኝ። ዝናቡ ገና አልለቀቀም፤ ዳገቱ ላይ ግን አደይ አበባ ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯል። አምና ያን ሰሞን እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ኮድ እጽፍ ነበር።

ለራሴ ደስታ የምሠራው ትንሽ አፕ ነው። ስትከፍቱት «በዛሬው ዕለት በሙዚቃ ታሪክ» ብሎ አንድ ነገር ያሳያችኋል፦ የዘፋኝ ልደት፣ የመጨረሻ ኮንሰርት፣ ሞት። መረጃውን የለቀምኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለነበር ወደ እኛ ቀን መለወጥ ነበረብኝ። ሠርቼ ጨረስኩና ለጎረቤታችን አሳየኋቸው። በወጣትነታቸው በወታደር ባንድ ውስጥ ጥሩንባ ሲነፉ የኖሩ ሰው ናቸው። ስልኩን ራቅ አድርገው ይዘው፣ ወሮቹን አንድ በአንድ ነካኩና ቀና አሉ።

«ጳጉሜንስ የት ሄደች?»

«አምስት ቀን እኮ ናት ጋሼ፣ ምን ይኖራታል ብዬ ነው።»

«አይ አንተ! እኛ ከንፈራችን የሚላላጠው በጳጉሜን ነበር። ለእንቁጣጣሽ ዝግጅት ጠዋት ማታ ልምምድ። ደሞዝ ብቻ ነው የሌላት!»

እውነቱን ለመናገር ሆን ብዬ አልነበረም የተውኳት። ኮዱ ውስጥ ወርን ከ1 እስከ 12 ብዬ ገድቤው ኖሯል። ፕሮግራሙ 13ኛው ወር ላይ ሲደርስ ስህተት አለ እንኳን አይልም፤ ዝም ብሎ ይዘላል። ከነገሩ ሁሉ ያናደደኝ ይሄ ዝምታው ነው።

ሳስተካክለው ታዲያ አንድ ደስ የሚል ነገር አገኘሁ። መስከረም 1 አንዳንዴ ሴፕቴምበር 11፣ አንዳንዴ ደግሞ 12 ላይ ይውላል። ስለዚህ የመስቀል ቀንም 27 እና 28 ላይ ይዋልላል። ጳጉሜን 1 ግን ከ1900 እስከ 2099 እ.ኤ.አ. ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 6 ነው። ስድስተኛዋ ጳጉሜን ስትጨመር የሚፈጠረውን ፈቀቅታ የፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 29 መልሶ ያስተካክለዋል። በዓመቱ መጨረሻ ላይ ሁለቱ ካላንደሮች ይታረቃሉ ማለት ነው።

ባዶ የመሰለኝ ረድፍ ወዲያው ሞላ። የፒንክ ፍሎይዱ ሮጀር ዋተርስ ጳጉሜን 1 ቀን 1935 ተወለደ። ጂሚ ሄንድሪክስ ጳጉሜን 1 ቀን 1962 በጀርመኗ ፌማርን ደሴት የመጨረሻውን ትልቅ ኮንሰርቱን አቀረበ፤ ከ12 ቀን በኋላ ሞተ። ሉቺያኖ ፓቫሮቲ ያረፈው ጳጉሜን 1 ቀን 1999 ነው፤ እኛ እዚህ ሚሊኒየሙን ለመቀበል ሽር ጉድ ስንል።

ከሁሉም በላይ ያስቆመኝ ግን ሴፕቴምበር 6 ቀን 1924 ነው፤ ጳጉሜን 1 ቀን 1916 ዓ.ም.። ያን ቀን አርባ አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ገቡ።

ልጆቹ በ1907 ዓ.ም. በኦቶማን ግዛት ከተጀመረው የአርመናውያን እልቂት የተረፉ ነበሩ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916ቱ ጉዟቸው ኢየሩሳሌም ሲደርሱ በአርመን ገዳም አገኟቸው፤ ከፓትርያርኩም አስፈቅደው ወደ ኢትዮጵያ አስመጧቸው። እዚህም የንጉሣዊው የሙዚቃ ጓድ ሆኑ፤ መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር። በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ላይ የተሰማውን፣ እስከ ንጉሡ ዘመን ማብቂያ ድረስ የዘለቀውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ይኸው ሰው ነው።

እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከመጡ በአምስተኛው ቀን 1917 ባተ። ቋንቋውን አያውቁም፤ ዘመድ የላቸውም። የመጀመሪያ የእንቁጣጣሽ ጠዋታቸው እንዴት እንደነበር ሳስብ ሆዴ ይባባል።

የነሐስ መሣሪያ ከእነሱ ጋር አልመጣም፤ ከዐድዋ ድል በኋላ ከሩሲያ ገብቶ ነበር። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬም የእኛው ነበሩ፤ ማንም አላመጣቸውም። ከዚያች ጳጉሜን ወዲህ የሥር የሰደደው፣ ኖታ እያነበቡ በጓድ መጫወትና ያንንም ለሌላው ማስተማር ነው። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ኔርሰስ ናልባንዲያን በኋላ መጥቶ፣ ዛሬ ብሔራዊ ትያትር በምንለው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትያትር ለዓመታት ኦርኬስትራውን አሠለጠነ፤ የአገሩን ዜማ ለትልቅ ባንድ እንዲስማማ አድርጎ አቀናበረ። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የጦር ሠራዊት ባንዶችም ጎልብተው ነበር። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ የዘፈኑት በክቡር ዘበኛ ጥሩንባና ሳክስፎን ታጅበው ነው። ከ1961 ዓ.ም. በኋላ በአምሐ እሸቴ ሸክላዎች ላይ፣ ኋላም ኢትዮፒክስ በተባሉት ሲዲዎች ዓለም የሰማው ያ የነሐስ ድምፅ አንዱ ሥሩ እዚህ ነው።

እንዲህ ያለ ቀን በእኔ አፕ ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ችግሩ የወሩ ቁጥር ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሌላም አለ። የሠራኋቸው ሣጥኖች ሦስት ናቸው፦ «ተወለደ»፣ «አልበም አወጣ»፣ «ሞተ»። «መጣ» የሚል የለም። «ስም» የሚለው ሣጥን ደግሞ ካልተሞላ አያሳልፍም፤ ልጆቹን ግን የምንጠራቸው በቁጥር ነው። «አርባ ልጆች» ብዬ ጻፍኩበት።

በማግስቱ ለጋሼ ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ቀስ ብለው አነበቡ። ከዚያ ብዙ ዝም አሉ። ውጭ ከጠበል የሚመለሱ ሰዎች ያልፋሉ።

«እኔን ጥሩንባ ያስተማረኝን አለቃዬን አውቀዋለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «እሱን ማን አስተማረው ብዬ ግን አንድ ቀን እንኳን ጠይቄ አላውቅም።»