ሠዓሊው ናስሩዲን ዲኔ እና የሲራ መጽሐፉ

በሮቤና በጎባ ሲራን ስናስተምር ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) በሥዕል ማሳየት የሚታሰብ አይደለም። ልጆች ግን ታሪኩን በዓይናቸው ማየት ይሻሉ። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ኤቲየን ዲኔ ይህን ችግር የፈታበት መንገድ ለመምህራን የሚጠቅም ይመስለናል።

ዲኔ እ.ኤ.አ. በ1861 ፓሪስ ተወለደ። በ1884 አልጄሪያን አየ፤ ዐረብኛ ተማረ፤ ኋላም በቡ ሰዓዳ ቤት ገዝቶ ኖረ። በ1913 እስልምናውን በይፋ አስታውቆ ናስሩዲን ተባለ። በ1918 ከአልጄሪያዊ ወዳጁ ከሱለይማን ቢን ኢብራሂም ጋር ያሳተመው የነቢዩ የሕይወት ታሪክ በሥዕል ያጌጠ ነው፤ የነቢዩ ምስል ግን በውስጡ የለም። የሚታዩት በሠዓሊው ዘመን የነበሩ ሰጋጆች ናቸው፦ ሱጁድ የወረዱ፣ ለዱዓ እጃቸውን የዘረጉ። ሥዕልን በተመለከተ ዑለማው የተለያዩበት ጉዳይ ሰፊ ስለሆነ እዚህ አንገባበትም።

መጽሐፉ መታሰቢያ የተደረገው ለፈረንሳይ ተዋግተው ለሞቱ ሙስሊም ወታደሮች ነው፤ ቅኝ ገዥዋ አገር ከሠዓሊው አልራቀችም ነበር። ቀደም ሲል የሣላቸው እርቃናቸውን ያሉ ሴቶች ሥዕሎችም አሉ። አወዳሾቹ እነዚህን መዝለላቸውን አንደግፍም። እስልምና የቀደመውን እንደሚያብስ የሚያስተምር መምህር፣ የአንድን ሰው ያለፈ ሕይወት የሚደብቅበት ምክንያት የለውም።

ዲኔ በ1929 ከሱለይማን ጋር ሐጅ አደረገ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ፓሪስ ውስጥ ሞተ፤ አስከሬኑ ባሕር ተሻግሮ ቡ ሰዓዳ ተቀበረ።