ማሽንና አስተርጓሚው፤ የርካሽ ላፕቶፖች ድራይቨር ታሪክ ከአራዳ ሲታይ

ለረጅም ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ መሣሪያ በአዲስ አበባ በቅድሚያ ከሚታይባቸው፣ ከሚሸጥባቸውና ሲበላሽም ከሚጠገንባቸው ስፍራዎች አንዱ አራዳ ነበር። በጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ዙሪያ በተቆረቆረው ገበያ የአርመን፣ የግሪክና የሕንድ ነጋዴዎች ሱቆቻቸውን ከፈቱ፤ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የጣሊያን ወረራ ዘመንም ሰፈሩ ፒያሳ የሚለውን ስም አተረፈ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሥራ የሰፈሩ ብዙ ክፍል እስኪፈርስ ድረስ ሰዓት ሠሪዎችና ሬዲዮ ጠጋኞች ከመታወቂያዎቹ መካከል ነበሩ።

የእነዚህ ባለሙያዎች ሥራ የተመሠረተው በአንድ ቀላል እውነት ላይ ነው፤ ይኸውም ክዳኑ የሚከፈት ዕቃ ይጠገናል፣ የማይከፈት ግን ይጣላል የሚለው ነው። ይህ እውነት በኮምፒዩተር ዘመን ምን መልክ እንደያዘ ለመረዳት ርካሽ የሆኑትን ትንንሽ ላፕቶፖችና ለእነርሱ የተዘጋጁትን ክፍት ፕሮግራሞች ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ይኸው ነው።

ፊደልና ማሽን

ባዕድ ማሽን ከአገሩ ፊደልና ሥራ ጋር ሳይስማማ መምጣቱ አዲስ ነገር አይደለም። ግሪካዊው አንድሬአስ ካቫዲያስ እ.ኤ.አ. በ1902 ግድም የጀመረው «አእምሮ» ጋዜጣ በመጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ ይባዛ ነበር። በ1914 ዓ.ም. የተቋቋመው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትም መኪናውን ከውጭ ቢያስመጣ፣ ሥራውን ያቃናለት የእርሳስ ፊደል መልቀምና መደርደር የሚያውቅ ሠራተኛ ነው።

የጽሕፈት መኪናው ችግር ከዚህ የበረታ ነበር። ለላቲን ፊደል የተሠራ መኪና በአርባ ጥቂት ቁልፎቹ ዘጠና ያህል ምልክት ብቻ ሲይዝ፣ መደበኛው ፊደላችን 33 በ7 ተባዝቶ 231 ይደርሳል፤ ይህም ዲቃሎቹና አኃዞቹ ሳይቆጠሩ ነው። ኢንጂነር አያና ብሩን የመሰሉ ጠበብት ያገኙት መፍትሔ ፊደሉን ከግንዱና ከቅጥያው ለያይቶ በተከታታይ ምት ማጣመር ነበር። የፊደሉ ውበት ተጎዳ ብለው የተቹ ቢኖሩም መኪናው ለመሥሪያ ቤት ሥራ በቃ። ለዚህ ያበቃውም አሠራሩ ለዓይን የተገለጠ መሆኑ ነው፤ ክንዱ፣ ሞላውና ጥርሱ ይታያል፤ ያየና የተረዳም ሊለውጠው ይችላል።

የተሰወረው አስተርጓሚ

ኮምፒዩተርም የአካላት ስብስብ ነው፤ ስክሪን፣ ኪቦርድ፣ የድምፅ ማውጫ፣ ዋይፋይ የሚባለው የገመድ አልባ መገናኛ ካርድ ይገኙበታል። እነዚህን አካላት የሚያዝዘው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የተባለው ዋና ፕሮግራም ሲሆን፣ ትእዛዙን እያንዳንዱ አካል በሚገባው ቋንቋ የሚያደርስለት ድራይቨር የተባለው ትንሽ ፕሮግራም ነው። በመሆኑም ድራይቨር አስተርጓሚ ነው ለማለት ይቻላል።

የአስተርጓሚ ሥራ ምን ያህል እንደሚከብድ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ብዙ ማስረዳት አያሻም። በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው ፈቃድ፣ በጣሊያንኛው ግን ግዴታ ሆኖ መገኘቱ ያስከተለው ይታወቃል። ሆኖም ልዩነቱ ሊጋለጥ የቻለው ሁለቱ ጽሑፎች ተነጻጽረው ሊነበቡ በመቻላቸው ነው። ጽሑፉን የሸሸገ አስተርጓሚ ግን ምን እንደጨመረና ምን እንዳጎደለ ማወቂያ መንገድ የለም።

የክፍት ሶፍትዌር እንቅስቃሴ የተነሣውም በከፊል ከዚህ ዓይነት ቅሬታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ በአሜሪካ አገር በማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ስቶልማን፣ ወረቀት እየያዘ ያስቸግር የነበረውን የዜሮክስ ማተሚያ አሠራር ለማሻሻል ቢፈልግ የፕሮግራሙን ምንጭ ተከለከለ። በ1983 (እ.ኤ.አ.) ማንም ሊያነበውና ሊያሻሽለው የሚችል ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመሥራት ዕቅዱን አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ፊንላንዳዊው ተማሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሊነክስ የተባለውን ጀመረ።

ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ዕቃ አምራቾች ድራይቨር የሚያዘጋጁት ለዊንዶውስ ብቻ ነበር። የሊነክስ ሠሪዎች የዕቃውን ጠባይ ከውጭ ሆነው እየመረመሩ፣ አንዳንድ ጊዜም ለዊንዶውስ የተሠራውን ድራይቨር ኤንዲስራፐር በተባለ መሸፈኛ ጠቅልለው እያሠሩ ለብዙ ዓመታት ደክመዋል።

የትንንሾቹ ላፕቶፖች ዘመን

ጉዳዩ ወደ እኛ ደጅ የቀረበው ርካሽ ላፕቶፖች በወጡ ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2005 ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ለእያንዳንዱ ሕፃን አንድ ላፕቶፕ የሚል ዕቅድ በዳቮስ አቀረበ። የታሰበው ዋጋ 100 ዶላር ነበር፤ በ2007 ማምረት ሲጀመር ግን ወደ 188 ዶላር ደርሷል። ኤክስ ኦ የተባለው ይህ መሣሪያ 433 ሜጋኸርዝ ፕሮሰሰርና 256 ሜጋባይት ራም ነበረው፤ የሚሠራውም በፌዶራ ሊነክስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ወደ 5,000 የሚጠጉ ኤክስ ኦ ላፕቶፖች በምሕንድስና አቅም ግንባታ ፕሮግራም አማካይነት ለኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ተሰጡ።

በዚህ መሣሪያ ላይ የክፍትና የዝግ አስተርጓሚ ልዩነት ጎልቶ ታየ። የኤክስ ኦ ዋይፋይ ካርድ ማርቬል በተባለ ኩባንያ የተሠራ ሲሆን፣ ዋናው ፕሮሰሰር ተኝቶ ሳለ እንኳ መልእክትን ከላፕቶፕ ወደ ላፕቶፕ ማሳለፍ ይችል ነበር። መስመር በሌለበት የገጠር ክፍል ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። የሊነክሱ ድራይቨር ክፍት ቢሆንም፣ በካርዱ ውስጥ የሚሠራው ፈርምዌር የተባለው ፕሮግራም ዝግ ነበር። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2006 የኦፕን ቢ ኤስ ዲ መሪ ቴዎ ደ ራት፣ የዕቅዱ ሰዎች የኩባንያውን ምሥጢር ለመጠበቅ ከመፈረም ይልቅ ሰነዱ ለሁሉም እንዲገለጥ መጠየቅ ነበረባቸው ሲል ነቀፈ። የላፕቶፑ የሶፍትዌር ኃላፊ ጂም ጌቲስ በበኩሉ ይህን ሥራ የሚሠራ ሌላ ካርድ በገበያ ላይ አለመኖሩን አስረዳ። ሁለቱም ክርክሮች ሚዛን ይደፋሉ፤ አንዱ ለዛሬው ተማሪ፣ ሌላው ለነገው ጠጋኝ ያሰበ ነውና።

በአንጻሩ የዚያው ላፕቶፕ የጣት ሰሌዳ ቀስቱን ከቦታ ቦታ የሚያዘልል ችግር በታየበት ጊዜ ድራይቨሩ ክፍት በመሆኑ ማቃለያ ተገኘለት። ተማሪው የኪቦርዱን አራት የማዕዘን ቁልፎች በአንድነት በመጫን ሰሌዳውን እንደገና ማስተካከል ቻለ። የዕቃው ጉድለት ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ ግን ሰው ሊደርስበት በሚችል ቦታ ላይ ነበር።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2007 አሱስ ኩባንያ ኢ ፒሲ የተባለውን ባለ 7 ኢንች ላፕቶፕ ከሊነክስ ጋር ለገበያ ሲያቀርብ ኔትቡክ የተባለው ዓይነት ተስፋፋ። ማይክሮሶፍትም በሚያዝያ 2008 የዊንዶውስ ኤክስ ፒን ዕድሜ ለእነዚሁ ርካሽ ላፕቶፖች ስላራዘመ፣ ሊነክስ ያገኘው በር ወዲያው ጠበበ። ሆኖም የገበያው መስፋፋት በአምራቾች ላይ ግፊት አሳደረ። አቴሮስ ኩባንያ በ2008፣ ብሮድኮም ደግሞ በ2010 ለዋይፋይ ካርዶቻቸው ክፍት ድራይቨር አወጡ። በሌላ በኩል ጂ ኤም ኤ 500 የተባለው የኢንቴል የስክሪን ክፍል በውስጡ ያለው የሌላ ኩባንያ ሥራ ምሥጢር ስለነበር፣ በ2011 ከሊነክስ ጋር የተዋሐደው ድራይቨር ሥዕሉን ከማሳየት በቀር ሙሉ ጉልበቱን ሊያወጣለት አልቻለም።

የተዘጋው ሣጥን ቁልፍ

የአዲስ አበባን ሁኔታ ልዩ ያደረገው የኢንተርኔት መስመር ውድነትና አዝጋሚነት ነው። ኡቡንቱ የተባለው የሊነክስ ዓይነት ከ2005 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) ሲዲውን ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር። ነገር ግን የአንዳንድ ዋይፋይ ካርዶች ፈርምዌር በባለቤትነት መብት የተነሣ በሲዲው ውስጥ ሊካተት ስለማይችል፣ ተጠቃሚው ከኢንተርኔት እንዲያወርደው ይነገረው ነበር። ከኢንተርኔት የሚያገናኘው መሣሪያ ግን ያ ካርድ ራሱ ነው። ቁልፉ በተቆለፈው ሣጥን ውስጥ ቀረ ማለት ነው። ሌላ መስመር በቅርቡ ያለው ሰው ይህን በደቂቃዎች ሲወጣው፣ የሌለው ግን ሲዲውን አስቀምጦ በእጁ ወደ ተገኘው ዊንዶውስ ይመለሳል። ዴቢያን የተባለው የክፍት ሶፍትዌር ማኅበር በ2022 (እ.ኤ.አ.) ባደረገው ምርጫ ዝጉን ፈርምዌር በመጫኛው ውስጥ ለማካተት የወሰነውም ይህን የመሰለ ችግር ስላስገደደው ነው።

የፊደላችን ዕድል ከዚህ የተሻለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው 3ኛው የዩኒኮድ ደረጃ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን ከያዘ በኋላ፣ ለሊነክስ የአማርኛ ኪቦርድ ማዘጋጀት የማንም ኩባንያ ፈቃድ የማያሻው ሥራ ሆነ፤ ለኤክስ ኦም ፊደላችን የተቀረጸበት ኪቦርድ ተዘጋጅቶለታል። ክፍት በሆነው ክፍል ባለጉዳዩ ራሱ ሠርቶ ጨረሰ፤ በዝጉ ክፍል ግን የአምራቹን ደጅ ሲጠና ኖረ።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን?

ጉዳዩ ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለኤክስ ፒ የሚሰጠውን ድጋፍ በ2006 ዓ.ም.፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. አቁሟል። አዲሱን ዊንዶውስ ሊሸከሙ የማይችሉ፣ አካላቸው ግን ጤነኛ የሆነ ኮምፒዩተሮች በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ ይገኛሉ። እነዚህን በሊነክስ አድሶ ለብዙ ዓመታት ማገልገል ይቻላል፤ የሚቻለው ግን ክፍት ድራይቨር ላላቸው ብቻ ነው። አንዲት ሃምሳ ላፕቶፕ ያላት ትምህርት ቤት ላፕቶፖቹን ማዳን ወይም መጣሏ የሚወሰነው ዛሬ ሳይሆን ዕቃው በተገዛበት ቀን ነው።

ስለዚህም የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጅ የሙያ ባልደረባ ስለ ዋጋና ስለ ፍጥነት ብቻ መጠየቅ አይበቃውም። የዋይፋዩና የስክሪኑ ድራይቨር በሊነክስ ውስጥ ይገኛል ወይ ብሎ መጠየቅ፣ ከግዢውም በፊት አንዱን ናሙና በፍላሽ በተጫነ ሊነክስ አስነሥቶ መሞከር ይገባዋል። ይህ ፈተና ግማሽ ሰዓት አይወስድም፤ ገንዘብም አይጠይቅም።

የአራዳ ጠጋኝ ሰዓት ሊገዛ የመጣን ሰው ቢመክር በቅድሚያ የሚያየው የጀርባውን ክዳን ነው። ወርቅ ቅቡ ያማረ ሰዓት ክዳኑ ካልተከፈተ፣ የሚያገለግለው የመጀመሪያው ብልሽት እስኪደርስበት ድረስ ነውና።