ድምፅን «ሁለት» ያደረገው ማን ነው?

በኮምፒውተር ሙዚቃ የሚያቀናብር ሰው ሁሉ ፕለጊን ያውቃል። በዋናው የቅጂ ፕሮግራም ላይ የሚሰካ ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ አንዱ ድምፅ ያስተጋባል፣ አንዱ ጩኸት ይገራል፣ ሌላው ራሱ ፒያኖ ወይም ከበሮ ይሆናል። አብዛኞቹ የሚሠሩት ማንም ቆም ብሎ በማይጠይቀው አንድ እምነት ነው፤ ድምፅ በሁለት መስመር ይገባል፣ በሁለት መስመር ይወጣል፣ ግራና ቀኝ። ለምን ሁለት? «ጆሯችን ሁለት ስለሆነ ነዋ» የሚል ፈጣን መልስ አለ። መልሱ ግማሽ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ያለው በሸክላ ላይ በተቀረጸ ቀጭን ቦይና ሀምቡርግ ካለ ኩባንያ በወጣ አንድ አጭር የማስተማሪያ ኮድ ውስጥ ነው።

(ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኩ ከፓሪስ ይጀምራል። በ1881 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ዐውደ ርእይ ላይ ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ በኦፔራ ቤቱ መድረክ ጠርዝ ላይ የስልክ ማይክሮፎኖች ደረደረ፤ ሽቦውንም እስከ ዐውደ ርእዩ አዳራሽ ዘረጋ። ተራውን ጠብቆ የገባ ሰው ሁለት ማዳመጫ ይሰጠዋል፣ አንዱን ለግራ ጆሮው፣ አንዱን ለቀኝ። ዘፋኙ በመድረኩ ላይ ወዲያና ወዲህ ሲል አድማጩ ሳያየው በድምፁ ብቻ ይከታተለው ነበር። ለኢትዮጵያዊ ጆሮ ነገሩ ጨርሶ እንግዳ አይደለም፤ በቅኔ ማኅሌት የቀኝ ጌታና የግራ ጌታ ወገን እየተቀባበሉ ሲያዜሙ የቆመ ሰው፣ ዜማው አሁን በየትኛው ወገን እንዳለ ዓይኑን ጨፍኖም ያውቀዋል። የአዴር አዲስ ነገር ያንን አቅጣጫ በሽቦ ማስኬዱ ነው።

ከዚያ በኋላ ለሃምሳ ዓመት ያህል ሸክላውም፣ ሬዲዮውም፣ ሲኒማውም በአንድ መስመር ኖሩ። አላን ብለምላይን የተባለው የለንደን መሐንዲስ ሲኒማ ገብቶ ያስተዋለው ይህንኑ ነበር ይባላል፤ ተዋናዩ በስክሪኑ ግራ ጥግ ቆሞ ድምፁ ግን ከመሐል ይመጣል። በታኅሣሥ 1931 ያስገባው የፈጠራ ማመልከቻ ሰባ ነጥቦችን የያዘ ነው። ማይክሮፎን እንዴት እንደሚተከል፣ ድምፁ በአንድ ሸክላ ላይ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ለፊልም እንዴት እንደሚውል፣ ሁሉም እዚያው ውስጥ አለ። በ1934 መጀመሪያ በአቢ ሮድ ስቱዲዮ ቶማስ ቢቻም የሚመራውን የለንደን ፊልሃርሞኒክ በዚሁ ዘዴ ቀዳ። ሰውየው ግን ፍሬውን አላየም። በ1942 የራዳር ሙከራ ላይ ሳለ የነበረበት አውሮፕላን ተከስክሶ በ38 ዓመቱ ሞተ።

የብለምላይን ብልሃት ያለው በቦዩ ውስጥ ነው። የሸክላ ቦይ ሁለት ግድግዳ አለው፤ እያንዳንዱ ግድግዳ በ45 ዲግሪ ጋደል ይላል። በአንዱ ግራውን፣ በሌላው ቀኙን መቅረጽ ይቻላል። መርፌዋ ወደ ጎን ስትሄድ የምታነበው የሁለቱን ድምር ሲሆን፣ ወደ ላይና ወደ ታች ስትነሣ የምታነበው ልዩነታቸውን ነው። በ1958 ለገበያ የቀረበው የስቴሪዮ ሸክላ የተመሠረተው በዚሁ ነው። የአሜሪካ የኤፍ.ኤም. ስቴሪዮ ሬዲዮ በ1961 ሲጸድቅም ያንኑ ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ዋናው ሞገድ የግራና የቀኙን ድምር ይሸከማል፣ ልዩነታቸው ደግሞ ተራው ሬዲዮ በማይሰማው ከፍታ ላይ ተደርቦ ይሄዳል። አዲስ ሬዲዮ የገዛ ሁለቱንም ይሰማል፣ አሮጌውን የያዘም ምንም አይጎድልበትም። በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ እንደዚህ ውሳኔ ሰው አክባሪ የሆነ ጥቂት ነው።

ነገር ግን ሁለት ለድምፅ በቂ ነው ብሎ የፈረደ ሳይንስ የለም። እንዲያውም ብለምላይን በለንደን ሲሠራ አሜሪካ ያሉት የቤል ቤተ ሙከራ ሰዎች የደረሱት ሦስት ላይ ነው። በሚያዝያ 27፣ 1933 የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ በከተማው ተቀምጦ ሲጫወት፣ ድምፁ በሦስት የስልክ መስመር ዋሽንግተን ወዳለው አዳራሽ ተላከ፤ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ። መሪው ስቶኮቭስኪ እዚያው ዋሽንግተን ተቀምጦ የድምፁን መጠን ይቆጣጠር ነበር። ምክንያታቸው ቀላል ነው። ሁለት ድምፅ ማጉያ ብቻ ሲኖር «መሐል» የሚባለው ድምፅ በእውን የለም፣ ጆሮ የሚፈጥረው ምናብ ነው። አድማጩ ከአዳራሹ መካከል ወጣ ብሎ ከተቀመጠ ያ ምናብ ተንሸራቶ አጠገቡ ባለው ማጉያ ላይ ይለጠፋል። ሦስተኛው ማጉያ መሐሉን እውነተኛ ያደርገዋል። ዲዝኒም በ1940 «ፋንታዚያ»ን ሲያሳይ ሦስት የድምፅ መስመርና አራተኛ የመቆጣጠሪያ መስመር ተጠቅሟል፤ መሣሪያው ውድ ስለነበር የተተከለባቸው ቲያትር ቤቶች ጥቂት ናቸው።

ታዲያ ሦስቱ ለምን ተሸነፈ? ቦዩ ግድግዳው ሁለት ነዋ። ለቤት የሚሸጠው ሸክላ ሁለት መያዝ ስለሚችል ቤቱ ሁለት ሆነ። ሲኒማው የራሱን መንገድ ይዞ ቀጠለ፣ በኋላም 5.1 የሚባለው ላይ ደረሰ፤ አምስት ሙሉ መስመርና አንድ የጎርናና ድምፅ መስመር። በ1970ዎቹ ለቤት አራት መስመር ለመሸጥ የተደረገው ሙከራ የከሸፈው እርስ በርስ የማይናበቡ ሦስት ያህል ሥርዓቶች በአንድ ጊዜ ገበያ ስለወጡ ነው።

መስመር ሁልጊዜ ለአቅጣጫ ብቻ እንዳላገለገለም ማስታወስ ይገባል። ቢትልሶች በ1963 የመጀመሪያ አልበማቸውን ሲቀዱ ቴፑ ሁለት መስመር ነበረው፤ በአንዱ መሣሪያው፣ በሌላው ድምፃቸው። የታሰበው በኋላ ሁለቱን መጥኖ አንድ ላይ ለመቀላቀል ነበር። ያው ቴፕ ስቴሪዮ ተብሎ ሲሸጥ ግን ዘፋኙ አንድ ጥግ፣ ጊታሩ ሌላ ጥግ ቀረ። አንዲት የጆሮ ማዳመጫ ለሁለት የሚካፈሉ ጓደኛሞች ይህን ሸክላ ቢያዳምጡ አንዱ ዘፈን ያለ ሙዚቃ፣ ሌላው ሙዚቃ ያለ ዘፈን ይደርሰዋል።

አሁን ወደ ኮዱ። ስታይንበርግ የተባለው የሀምቡርግ ኩባንያ በ1996 ቪ.ኤስ.ቲ. የሚባለውን የፕለጊን ሥርዓት ከኩቤዝ ፕሮግራሙ ጋር አወጣ፤ ብዙም ሳይቆይ ማንም ፕለጊን እንዲጽፍ መመሪያውን ከፈተው። ከመመሪያው ጋር «ኤ-ጌን» የምትባል ምሳሌ ነበረች። ሥራዋ ድምፅ መጨመርና መቀነስ ብቻ ነው። ገና ስትነሣ መግቢያዬ ሁለት፣ መውጫዬ ሁለት ብላ ታስመዘግባለች፤ ከዚያ የመጀመሪያውን መግቢያ ወስዳ በቁጥር ታባዛና ወደ መጀመሪያው መውጫ፣ ሁለተኛውንም እንዲሁ። ስንት መስመር መጣ ብላ አትጠይቅም። ለትምህርት ታስቦ የተጻፈ ስለሆነ አጭር መሆኑ አያስወቅስም። ችግሩ ግን ጀማሪ ሁሉ ይህችን ፋይል ከፍቶ፣ መሐሏን ቀይሮ፣ ስሟን ለውጦ የራሱን ፕለጊን መሥራቱ ነው። መሐሉ ተቀየረ፣ ሁለቱ ግን ባለበት ቀረ።

ስድስት መስመር ያለው የፊልም ድምፅ እንዲህ ያለ ፕለጊን ውስጥ ሲገባ ሁለቱ ይሠራባቸዋል፣ የቀሩት አራቱ ሳይነኩ ያልፋሉ ወይም ጭራሹን ይጠፋሉ። አንድ መስመር ብቻ ሲመጣ ደግሞ ይብሳል፤ ኮዱ የሌለውን ሁለተኛ መስመር ሊያነብ ሜሞሪ ውስጥ ይንጎዳጎድና ፕሮግራሙ በሙሉ ይዘጋል። ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይሄዳል።

ሌሎች በሌላ በኩል ሞክረዋል። በ2000 ለሊኑክስ የወጣው ላድስፓ እያንዳንዱን መግቢያና መውጫ ነጠላ መስመር አድርጎ ያስባል። ስቴሪዮ ከፈለግህ አስተናጋጁ ፕሮግራም ያንኑ ነጠላ ፕለጊን ሁለት ቅጂ አድርጎ ያስነሣዋል። ለተራ ማጣሪያ ይበቃል። ኮምፕሬሰር ላይ ግን ጉዱ ይታያል። በግራ በኩል ከበሮ ጮክ ብሎ ሲመታ የግራው ቅጂ ብቻ ድምፅ ይቀንሳል፣ የቀኙ ምንም አልሰማም። መሐል ቆማ የምትዘፍነው ሴት ከበሮው በተመታ ቁጥር ወደ ቀኝ ትንገዳገዳለች። ሁለቱ መስመሮች አንድ ሥዕል መሆናቸውን ማንም አልነገራቸውማ።

አፕል ደግሞ በኦዲዮ ዩኒት ሥርዓቱ ፕለጊኑ የሚችለውን የመግቢያና የመውጫ ቁጥር ጥንድ ጥንድ አድርጎ እንዲዘረዝር ጠየቀ። ሐሳቡ ደግ ነው፣ አጻጻፉ ግን ያስቃል። በሁለቱም ቦታ -1 ከተጻፈ «ስንትም ይምጣ፣ ያንኑ ያህል አወጣለሁ» ማለት ነው። -1 እና -2 ከሆነ «ስንትም ይግባ፣ ስንትም ይውጣ» ማለት ይሆናል። ከዜሮ በታች ሁለት መስመር ያለው ድምፅ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ይንገረን!

ትልቁ ግፊት የመጣው ግን «ሳይድቼይን» ከሚባለው ነገር ነው። ሬዲዮ ላይ አስተዋዋቂው ሲናገር ሙዚቃው በራሱ ዝቅ የሚለው በዚህ ነው። ኮምፕሬሰሩ ሙዚቃውን ይቀንሳል፣ የሚያዳምጠው ግን አስተዋዋቂውን ነው። ስለዚህ ሁለት ዓይነት መግቢያ ያስፈልገዋል፤ አንዱ የሚሠራበት፣ ሌላው የሚሰማ ብቻ። በድሮው ቪ.ኤስ.ቲ. «እነዚህ ሁለቱ ለመስማት ብቻ ናቸው» የሚባልበት ደንበኛ መንገድ ስላልነበር፣ ሠሪዎች አራት መግቢያ አለን ብለው የቀረውን ለአስተናጋጁ ግምት ተዉት። በ2008 ቪ.ኤስ.ቲ. 3 ሲመጣ መስመሮች በጥቅል፣ በሙያው ቋንቋ በ«ባስ»፣ ተመደቡ። ዋና ባስ አለ፣ ረዳት ባስ አለ፤ እያንዳንዱ ስንት መስመር እንዳለውና የትኛው መስመር የየትኛው ማጉያ እንደሆነ ተናግሮ ይገባል። ካላስፈለገም ይዘጋል።

የትኛው መስመር የየትኛው ማጉያ ነው የሚለው ቀላል አይምሰል። በተለመደው የዌቭ ፋይል ቅደም ተከተል ስድስቱ ግራ፣ ቀኝ፣ መሐል፣ ጎርናና፣ የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ ናቸው። በፊልም ስቱዲዮዎች ልማድ ደግሞ ግራ፣ መሐል፣ ቀኝ፣ የኋላ ግራ፣ የኋላ ቀኝ፣ ጎርናና። ቁጥሩ እኩል ስድስት ስለሆነ ኮምፒውተሩ ምንም ስሕተት አያይም። የመጀመሪያውን እንደ ሁለተኛው ያነበበ ፕለጊን ግን የተዋናዩን ንግግር ወደ ቀኝ ማጉያ ይልካል፣ የኋላ ቀኙን ድምፅ ደግሞ ጎርናናውን ከሚያንቀጠቅጠው ሳጥን ውስጥ ይከተዋል። ቁጥር ብቻ መቁጠር ስም ከመጠየቅ አያድንም።

ዛሬ ጀማሪዎች የሚማሩት በአብዛኛው ጁስ በሚባለው የኮድ ስብስብ ነው። የእሱ መነሻ ፋይል ከኤ-ጌን ሁለት ነገር ተሻሽሏል። አንደኛ፣ መውጫው ከመግቢያው ሲበዛ ትርፎቹን መስመሮች ወደ ዜሮ ያጠራል፤ በእነዚያ ቦታዎች ያለፈ ሥራ ትርፍራፊ ሊኖር ስለሚችል፣ ሳይጠራ ከወጣ ማዳመጫ ባደረገ ሰው ጆሮ ላይ የሚፈነዳ ጩኸት ይሆናል። ሁለተኛ፣ አስተናጋጁ ያቀረበውን የመስመር አደረጃጀት ትቀበላለህ ወይስ አትቀበልም ብሎ ይጠይቃል። መነሻ ፋይሉ ላይ አብሮ የተጻፈው መልስ ግን አንድ ወይም ሁለት መስመር ብቻ እቀበላለሁ የሚል ነው። ጥያቄው መጣ፣ መልሱ ግን ያው የሸክላው ግድግዳ ነው።

እስከዚያው ሲኒማው ርቆ ሄዷል። በ2012 የመጣው ዶልቢ አትሞስ እስከ 128 የድምፅ ትራክ ይቀበላል፤ ብዙዎቹም የማጉያ ስም ሳይሆን በክፍሉ ውስጥ ያሉበትን ቦታ ተሸክመው ነው የሚሄዱት። በሌላው ጫፍ ደግሞ አንዲት ማጉያ ያላት ስልክ አለች፣ ብዙ ሰው ዘፈን የሚሰማባት። ድምፅ «ያሰፋሉ» ተብለው ከሚሸጡ ፕለጊኖች አንዳንዶቹ ሰፊ የሚያስመስሉት አንዱን መስመር ገልብጠው በሌላኛው ስለሚያወጡት ነው። በሁለት ማጉያ ሲሰማ ዘፈኑ ክፍሉን ይሞላል። ስልኳ ግን ሁለቱን ትደምራቸዋለች፤ አምስት ሲደመር ከዜሮ በታች አምስት ዜሮ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ የተደከመበት የዘፋኙ ድምፅ ይጠፋና ከበሮው ብቻውን ይቀጥላል።