ጡሩምባ የማይሰማበት ሰፈር

ባለፈው ወር አንዲት እናት ሞቱብኝ። የወለዱኝ አይደሉም። ቀጨኔ አጥር ለአጥር ስንኖር እናቴ ከሥራ እስክትመለስ ምሳዬን የሚያበሉኝ፣ ሳጠፋ የሚቆነጥጡኝ፣ ኩፍኝ ሲይዘኝ ከእናቴ እኩል ራስጌዬ ያደሩ ጎረቤታችን ናቸው። ልጃቸው በማለዳ ደወለና «ቀብሩ ስድስት ሰዓት ነው» አለኝ። እኔ ዛሬ የምኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጥቁር ኮቴን ለብሼ ሚኒባስ ያዝኩ። ሁለት ሰዓት ተኩል አለኝ። ከዚህ ከተማ ጫፍ እዚያኛው ጫፍ ለመድረስ መቼም አያንስም ብዬ ነው።

አነሰ። ጀርመን አደባባይ ስንደርስ አራት ተኩል ሆነ። ሳር ቤት ላይ አምስት ሰዓት አለፈ። አንዱ ጋ ተቆፍሯል፤ ሌላው ጋ እንግዳ ያልፋል ተብሎ ተዘግቷል። ሰዓቴን ደጋግሜ ሳይ ረዳቱ ታዘበኝ መሰለኝ፣

«ጋሼ፣ ምን አስቸኮለዎት?» አለኝ።

«ቀብር አለብኝ።»

«ሟች እንደሆነ አይቸኩልም!»

ታክሲው በሳቅ ተሞላ። ከኋላ የተቀመጡ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴትዮ ግን «አንተ፣ አፍህን ሰብስብ!» አሉት። ልጁ ደነገጠ። «ይቅርታ ጋሼ፣ እኔም የአያቴ ቀብር ያመለጠኝ እዚሁ መንገድ ላይ ነው» አለ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ሜክሲኮ ላይ ወርጄ በእግሬ ጀመርኩት። በቸርችል ጎዳና ሽቅብ ስወጣ ከጎኔ የተገተሩትን መኪኖች አንድ በአንድ አለፍኳቸው። ያም ሆኖ ቀጨኔ የደረስኩት ሰባት ሰዓት ላይ ነው። አፈሩ ለብሷል፤ ቀባሪው ወደ ድንኳኑ እየተመለሰ ነው። ልጃቸው አንገቴን አቅፎ «ምን ታደርገዋለህ፣ መንገዱ ነው» አለኝ። የወቀሰኝ ሰው አልነበረም። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

«መንገዱ ነው።» ይህች ሁለት ቃል የከተማችን የጋራ ምክንያት ሆናለች። ከሥራ ያረፈደ፣ ልጁን ከትምህርት ቤት በሰዓቱ ያላወጣ፣ የታመመ ሳይጠይቅ የቀረ ሁሉ ይጠቀምባታል። ማንም አይሟገታትም። እኔ ግን ከዚያን ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ይከነክነኛል። ለመሆኑ ጥፋተኛው መንገዱ ነው? ከቀጨኔ ማን ወስዶ ጀሞ አስቀመጠኝ? ለዚህ መልስ ለማግኘት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ መሄድ ያስፈልጋል።

አዲስ አበባ ስትወለድ ሰፈር እንጂ ከተማ አልነበረችም። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር በቃል አመጣጥ ተማሪዎቼን የማሰልቸት ልማድ ነበረኝና አንባቢ ይታገሠኝ። ሰፈር የሚለው ቃል «ሰፈረ» ከሚለው ግስ የመጣ የጦር ቃል ነው፤ ድንኳን ተክሎ ማረፍ ማለት ነው። በ1879 ዓ.ም. ገደማ የምኒልክ ቤተ መንግሥት ከእንጦጦ ወደ ፍል ውሃው መውረድ ሲጀምር፣ መኳንንቱ በየጉብታው እንደ ጦር ሰፈር ሰፈሩ። ራስ ብሩ ሰፈር፣ ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ሰፈር እያልን እስከ ቅርብ ጊዜ የኖርነው ከዚያ በወረስነው ስም ነው። እያንዳንዱ ሰፈር በራሱ ሙሉ ለመሆን ጥቂት ነው የቀረው። ጌታው፣ ወታደሩ፣ ወፍጮ ፈጪዋ፣ ጠጅ ጣይዋ፣ እንጨት ፈላጩ በአንድ ግቢ ዙሪያ ያድራሉ። የሚያድሩበትና የሚሠሩበት አንድ ነው። በሰፈርና በሰፈር መካከል ያለው ሜዳ፣ ወንዝና ገደል ነው።

ይህን የምለው ያን ዘመን ለማሞገስ አይደለም። ሎሌ በጌታው ደጅ ያድር የነበረው ወድዶ አልነበረም። መጨናነቁም ቢሆን ያን ጊዜ አልጠፋም። መኳንንት በበቅሎ ሲወጡ አጃቢያቸው መንገዱን ሞልቶ ይሄዳል፤ ክረምት ቀበና ሲሞላ ወዲያ ማዶና ወዲህ ማዶ ተቆራርጦ ይሰነብታል። ልዩነቱ ግን አለ። ያኔ መንገድ ሲዘጋ የሚቸገረው መንገደኛው ነው። ዛሬ ሁላችንም መንገደኞች ሆነናል።

መኪና የሚባለው ነገር አዲስ አበባን የረገጠው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ወገን በረሃውን አቋርጦ መጣና ምኒልክን አስደሰተ። ከዚያም ቀደም ብሎ ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ ነጋዴ በእንፋሎት የሚሠራ የመንገድ መዳመጫ አስመጥቶ ነበር። ያን ከባድ ብረት ከቆላ ወደ ደጋ ለማውጣት ብዙ የሰው ጉልበት ፈስሷል። በዚያን ጊዜ አማርኛ ሞተር ያለው ሁሉ «ባቡር» ነውና ሕዝቡ «የሰርኪስ ባቡር» አለው። ሰባራ ባቡር የሚባለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው ተበላሽቶ እዚያ ከቀረ የእንፋሎት ባቡር ነው። እንግዲህ አስቡት ጎበዝ! መንገድ ሊሠራ መጥቶ መንገድ ላይ የቀረ ማሽን በከተማችን ካርታ ላይ ስሙን አስመዝግቧል።

እውነተኛው ባቡር ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ከየአገሩ ሰው ጎረፈ። ዘመዱን ጥሎ የመጣው ሰው «ብሞት ማን ይቀብረኛል?» አለ። እድር የዚህ ጥያቄ መልስ ነው። ብዙዎች የገጠር ቅርስ ይመስላቸዋል እንጂ እድር የከተማ ልጅ ነው። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው ሌሊት ይዞራል፤ የሰማ ሁሉ በጠዋት ይወጣል። ስለዚህ የአንድ እድር ስፋት ነፊው በእግሩ የሚያዳርሰው፣ ጡሩምባው የሚሰማበት ያህል ነበር። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የምንለውም ለጌጥ አይደለም። በእግር የሚደርስ ሰው ማለት ነው፣ ሌላ ትርጉም የለውም።

ይህን አሰፋፈር በፕላን ለመቁረጥ የመጀመሪያው ጣሊያን ነው። በ1928 ዓ.ም. ከተማዋን ሲይዝ ነጩን ለብቻ፣ ጥቁሩን ለብቻ ማስፈር የሚል ፕላን ይዞ ተነሣ። አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ገበያ ነቅሎ ወደ ምዕራብ ወሰደው፤ የዛሬው መርካቶ የዚያ ውጤት ነው። ካዛንቺስና ፖፖላሬ የሚሉት ስሞችም ከዚያው ዘመን የቀሩ ናቸው። ሰው የሚኖርበትን ቦታ ጌታውና ዘመዱ ሳይሆኑ ወረቀት ላይ የተሰመረ መስመር ሊወስንለት ሞከረ። ጣሊያን ከሄደ በኋላ ጥሏቸው የሄዱት ወታደራዊ የጭነት መኪኖች ተጠጋግነው ሰው ማመላለስ ጀመሩ። አንበሳ አውቶቡስ የምንለው እንዲህ ተወለደ።

ከዚያ እኔ ራሴ የማስታውሰው ዘመን መጣ። አዋጅ ቁጥር 47/67 ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የቀበሌ ቤት ጣሪያው ያፈሳል፤ ግድግዳው ያዘማል፤ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው። ነገር ግን ድሀው ከመሀል ከተማ አልተነቀለም። ልብስ አጣቢዋ፣ ተላላኪው፣ አስተማሪው ከሥራው ደጅ አልራቀም። እናቴ ሥራዋ የምትሄደው በእግሯ ነበር። እኛም ሩቅ መሄድ ሲያምረን «ውይይት» እንሳፈራለን። ፊት ለፊት ተፋጥጠን ስለምንቀመጥ በዘመኑ የውይይት ክበብ ስም የተጠራ ታክሲ ነው። ያኔ ዩኒቨርሲቲ ስድስት ኪሎ ለመድረስ ከቀጨኔ በእግሬ እሄድ ነበር፤ አርፍጄ ከሆነ በእንቅልፌ እንጂ በመንገዱ አልነበረም።

በ1990ዎቹ ሁለት ነገሮች ተከታትለው መጡ። አንደኛው የቀለበት መንገድ ነው። ሁለተኛው በአስርቱ አጋማሽ ላይ የተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ ነው። ሁለቱም ያስፈልጉ ነበር። ዕጣ የወጣልኝ ዕለት ባለቤቴ እልል ብላለች፤ እኔም እንባዬ መጥቷል። የራስ ቤት፣ የራስ ሽንት ቤት፣ የማያፈስ ጣሪያ! ሆኖም ቤቱን መሬት በተገኘበት በከተማው ዳር ሠራን፤ መሥሪያ ቤቱን፣ ሆስፒታሉን፣ ዩኒቨርሲቲውን፣ መርካቶን ግን ባሉበት ተውናቸው። ጀሞ፣ አያት፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ... ማታ ማታ ሰው የሚፈስባቸው፣ ጠዋት ጠዋት ሰው የሚተፉ ሰፈሮች ሆኑ። መኝታና እንጀራ ተለያዩ። በሁለቱ መካከል ያለውን ክፍተት ሞላልን ብለን መንገድን ለመንነው።

መንገድ ደግሞ እንዲህ ያለውን ልመና አይችለውም። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። ጁልየስ ቄሳር በሮም ከተማ ጋሪ ቀን ቀን እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። ጋሪው ወደ ሌሊት ዞረና፣ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ገጣሚው ጁቬናል በጋሪ ጫጫታ እንቅልፍ አጣሁ እያለ አማረረ። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ሊቅ አንቶኒ ዳውንስ ደግሞ በ1962 እ.ኤ.አ. ጉዳዩን እንደ ሕግ አድርጎ ጻፈው። በከተማ የተከፈተ አዲስ ፈጣን መንገድ በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ተመልሶ መሙላቱ አይቀርም፤ በሌላ መንገድ፣ በሌላ ሰዓት፣ በአውቶቡስ ይሄድ የነበረው ሁሉ ወደ አዲሱ ይመጣልና። የቀለበት መንገዱን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልገውም።

በመስከረም 2008 ዓ.ም. የከተማ ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ። እኔም ከመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች አንዱ ነበርኩ፤ እንደ ልጅ በመስኮት ስመለከት ነበር የሄድኩት። በኋላ ከ41ዱ ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ቆመው ዓመታት አሳለፉ። ሰባራ ባቡር የሚለው ስም ሁለተኛ ባለቤት አገኘ ማለት ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳና ዶሮ ማነቂያ፣ ቀጥሎም ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። ዛሬ እዚያ የተሠራው የእግረኛ መንገድ ሰፊና ያማረ ነው። ስሄድበት ደስ ይለኛል፤ ደስታዬን መካድ አልፈልግም። የከተማችን ጉዞ ግማሽ ገደማ የሚሆነው በእግር ነውና ለእግረኛ መታሰቡ ተገቢ ነው። ነገር ግን በዚያ ሰፈር በእግሩ ይሄድ የነበረው ነዋሪ ብዙው ዛሬ ዳር ከተማ ላይ ታክሲ ተሰልፎ ይጠብቃል። እግረኛውን አርቀን ለእግረኛ መንገድ ሠራን።

ስለዚህ ለጥያቄዬ ያገኘሁት መልስ «መንገዱ አይደለም» የሚል ነው። መንገዱ የሚሸከመው እኛ የጫንበትን ነው። አዲስ ሰፈር ሲሠራ ከሕንፃው ጋር ሥራው፣ ክሊኒኩ፣ ገበያውና ትምህርት ቤቱ አብረው ካልሄዱ፣ አሮጌው ሰፈር ሲታደስም ነዋሪው እዚያው የሚተርፍበት ቤት ካልተሠራለት፣ ስንት ድልድይ ብንደራርብ፣ ስንት የኤሌክትሪክ መኪና ብናስገባ ለውጥ የለውም። የኤሌክትሪክ መኪናም ሲቆም ያው ቆመ ነው፤ ጭስ ስለሌለው ብቻ ቀብር አያደርስም። አንድ ባለሥልጣን ስለ ሰፈር ፕላን ቢያማክረኝ (መቼም አያማክረኝም) የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ የሚኖር ሰው ቢሞት ቀባሪው በእግሩ ይደርሳል ወይ?

በኛ ኮንዶሚኒየምም እድር አለን። ጡሩምባ ግን የለንም፤ መርዶው የሚነገረው በስልክ መልእክት ነው። ባለፈው አንድ ጎረቤታችን ሲሞቱ መልእክቱ ለሁሉም ደረሰ። ከአባሎቹ ግማሹ ግን ሥራ ቦታቸው መሀል ከተማ ስለሆነ አልደረሱም። በማግስቱ ሁሉም አንድ ዓይነት ምክንያት አቀረቡ፤ ሰብሳቢው በመዝገቡ ላይ «መንገድ» ብለው ጻፉና ቅጣቱን ማሩ።

የኔዋ እናት አርባቸው በመጪው ሳምንት ነው። ከልጃቸው ጋር ተነጋግረናል። በዋዜማው ማታ ሄጄ እነሱ ቤት አድራለሁ። ባለቤቴ ስንቅም ልቋጥርልህ እንዴ ብላ ቀልዳብኛለች። ፒጃማዬንና መድኃኒቴን በፌስታል አዘጋጅቻለሁ። በበቅሎ ዘመን ከሩቅ የመጣ እንግዳ እንደሚያድረው መሆኑ ነው፤ ያውም በዚያው በአዲስ አበባ፣ ባደግኩበት ሰፈር።