የወይዘሮ ማልኮልም ማክላውድ ታርት

«ታሪክ ተምረህ ተምረህ ስለ ኬክ ልትጽፍልን ነው?» አለኝ አንድ ወዳጄ፣ ይህችን ጽሑፍ ሳረቅ ከትከሻዬ በላይ አጮልቆ አይቶ። መልስ አላጣሁለትም። ስለ ዓድዋ የሚጽፍ ሞልቷል፤ ስለ ፈረንሳይ አብዮት የሚጽፍም እንዲሁ። ሊጥ ያቦኩትን ሰዎች ታሪክ ግን ማን ጻፈው? ስንቁን ያዘጋጀችው ሴት በየትኛው ምዕራፍ ላይ አለች? ወዳጄ «እሺ ቀጥል» ብሎኝ ሄደ፤ እኔም ቀጠልኩ።

ነገሬ በካናዳ፣ ኦንታሪዮ በሚባለው ክፍለ ሀገር ስለሚጋገር «በተር ታርት» ስለሚሉት፣ በእኛ አፍ የቅቤ ታርት ልንለው ስለምንችለው ጣፋጭ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ያላየው አንባቢ በዓይነ ሕሊናው እንዲስለው ያህል፦ በመዳፍ የምትያዝ፣ በቅቤ ወይም በአሳማ ስብ ከታሸ ስስ ሊጥ የተሠራች፣ አናቷ ክፍት የሆነ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር ናት። ውስጧ ቅቤ፣ ስኳርና እንቁላል ተመትቶ ይፈስባታል፤ ከዚያ ጋለ ያለ ምድጃ ውስጥ ትገባለች። እንቁላሉ ዳር ዳሩን ያረጋዋል፣ ስኳሩ ደግሞ መሐሉ ቶሎ እንዳይረጋ ይታገላል። ትንሽ ቀደም ብለው ካወጧት አገጭ ላይ ትንጠባጠባለች፤ ትንሽ ካዘገዩዋት ድርቅ ትላለች። እንግዲህ የአገሩ ሰው ጠብ ሁሉ ከዚህች ከጥቂት ደቂቃ ልዩነት ይነሣል። ሁለተኛው ጠብ ደግሞ «ዘቢብ ይግባ፣ አይግባ» የሚለው ነው፤ ወደ እሱ እንመለሳለን።

ለመሆኑ ከየት መጣች? ካናዳውያን ደስ ብሏቸው የሚያወሩት አንድ ታሪክ አለ። ከ1663 እስከ 1673 ባሉት ዓመታት የፈረንሳይ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ ወደ ኩቤክ ቅኝ ግዛቱ ስምንት መቶ ያህል ወጣት ሴቶችን ልኮ ነበር፤ ሰፋሪዎቹ ወንዶች እንዲያገቧቸው። «የንጉሡ ልጆች» ይሏቸዋል። እነዚህ ልጃገረዶች እንደ አገራቸው ታርት መሥራት ፈልገው የለመዱትን ሁሉ ቢያጡ በእጃቸው ባገኙት ቅቤና ስኳር ሞሏት ይባላል። «ይባላል» የምትለዋን ቃል አንባቢ ልብ ይበልልኝ። ሴቶቹ መሄዳቸው እውነት ነው። ከዚያች ሊጥ እስከ ኦንታሪዮዋ ታርት ድረስ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የሆነ ክፍተት አለ፤ በወረቀት የሚሞላውም አልተገኘም። ሌሎች ደግሞ ከስኮትላንድ ድንበር አካባቢ ወደሚጋገረው፣ ቅቤና ስኳር ከደረቅ ፍሬ ጋር ወደሚሞላው ታርት ይጠቁማሉ። ኦንታሪዮን በብዛት ያረሱት ስኮትላንዳውያንና እንግሊዛውያን መሆናቸውን ስናስብ ይህኛው ለእኔ ይበልጥ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ንጉሥ ያለበት ተረት ሁልጊዜ ንጉሥ የሌለበትን ይረታል፤ ይህ በእኛም አገር የታወቀ ነገር ነው።

ወረቀት ያለው ነገር የሚጀምረው በ1900 ነው። ከቶሮንቶ በስተሰሜን ባለችው በባሪ ከተማ የሮያል ቪክቶሪያ ሆስፒታል የሴቶች ረዳት ማኅበር አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ አሳተመ። እዚያ ውስጥ አጠር ያለች የታርት ሙሌት አሠራር አለች፦ ስኳር፣ ቅቤ፣ እንቁላል፣ እንዲሁም ኩራንት የሚሏት ጥቃቅን ጥቁር ዘቢብ። በታተመ ወረቀት ላይ ከተገኙት ሁሉ ቀዳሚዋ ይህች ናት ይላሉ ያጠኑት። የላከችው ሴት ስም «ወይዘሮ ማልኮልም ማክላውድ» ተብሎ ተጽፏል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማልኮልም የወንድ ስም ነው። ማክላውድም የእሱ ቤተሰብ ስም ነው። እንግዲህ ከዚያች መስመር ላይ የሴትየዋ የራሷ የሆነው ነገር «ወይዘሮ» የምትለዋ ብቻ ናት ማለት ነው! አገር እንደ ባንዲራ የሚያውለበልበው ጣፋጭ የመጀመሪያ ማስረጃ ላይ የጋጋሪዋ ስም የለም፤ ያለው የባልየው ነው። ባልየው ደግሞ፣ እግዜር ይይለትና፣ ምናልባት ሊጥ ነክቶ አያውቅም። ሴትየዋን ያናደዳት አይመስለኝም፤ የዘመኑ ጨዋነት ነበርና በስሟ ብትጽፍ ምናልባት «ባል የላትም እንዴ?» ያስብል ነበር።

የእኛ አንባቢ «በእኛ አገርስ ሴት ልጅ ብታገባም በአባቷ ስም ነው የምትጠራው» ሊል ይችላል። እውነት ነው። ይሁንና አንኮራ። አባትም ወንድ ነው። ደግሞ መንደር ውስጥ «የአበበ እናት»፣ «የመምሬ ባለቤት» እየተባለች ዕድሜዋን የጨረሰች ስንት አለች? ድፎ ዳቦን በኮባ ጠቅልላ፣ ከላይም ከታችም እሳት አድርጋ ለመጋገር መጀመሪያ ያሰበችው ማን ነች? በባል ስም እንኳ የጻፈላት የለም።

ወደ ባሪ እንመለስ። ሴቶቹ ይህን መጽሐፍ ያሳተሙት ጣፋጭ ወድደው ብቻ አልነበረም፤ ለሆስፒታሉ ገንዘብ ለማዋጣት ነው። መንገዱ ቀደም ብሎ የተጠረገ ነበር። በ1877 የቶሮንቶ ሴቶች በዚሁ ዘዴ ለሕፃናት ሆስፒታል የሚሆን መጽሐፍ አሳትመው በካናዳ እጅግ ከተሸጡት መጻሕፍት አንዱ ሆኖ ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው፦ እያንዳንዷ ከቤቷ አንድ ሁለት አሠራር ትሰጣለች፣ ይታተማል፣ ስሟ (ማለት የባሏ ስም) የወጣላት ሁሉ ለዘመድ አዝማድ ትሸጣለች። የኦንታሪዮ ሴቶች ለክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት የመምረጥ መብት ያገኙት በ1917 ነው። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ሲታተም ሆስፒታል ማቋቋሚያ ገንዘብ ሲያዋጡ ይፈቀድላቸዋል፤ ሆስፒታሉን የሚመለከተውን ሕግ ለሚያወጣው ሰው ድምፅ መስጠት ግን አይፈቀድላቸውም። ነገሩ ከታርቱ ጣፋጭነት ጋር አይሄድም።

ውድድሩም ከዚያው ዘመን ጋር የተቆራኘ ነው። በኦንታሪዮ የገበሬዎች ማኅበራት ከ1792 ጀምሮ ነበሩ፤ በ1830 የወጣ ሕግ ደግሞ የመንግሥት ድጎማ ሰጣቸው። እነሱ በየመስከረሙ የሚያዘጋጁት ትርኢት መጀመሪያ የወንዶች ጉዳይ ነበር፤ በሬ፣ ፈረስ፣ ስንዴ። ቀስ በቀስ ግን ቅቤ ገባ፣ ዳቦ ገባ፣ የተጠለፈ ጨርቅ ገባ። ወጥ ቤት ውስጥ ተሠርቶ፣ ወጥ ቤት ውስጥ ተበልቶ የሚያልቀው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ አደባባይ ወጥቶ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ፤ ዳኛ ቀረበለት። እስከ ዛሬም ወጉ አልተለወጠም። ተወዳዳሪዋ የተወሰነ ቁጥር ያለው ታርት በሳህን አስቀምጣ ታስገባለች፤ ስሟ ተሸፍኖ ቁጥር ብቻ ይታያል። ዳኛዋ ቆርሳ ታያለች፦ ታችኛው ሊጥ በስሏል ወይስ እርጥብ ነው? ሙሌቱ ሞልቶ ፈስሶ ጠርዙን አጥቁሮታል? ከቅመሳው በፊት ግማሹ ፍርድ በዓይን አልቋል። በካናዳ አንደኛ የወጣ ቀይ ጥብጣብ ነው የሚሰጠው፤ ሰማያዊው የሁለተኛው ነው። ጎረቤታቸው አሜሪካ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ገንዘቡ ኢምንት ነው። ጥብጣቡን ግን ቁም ሳጥን ውስጥ ሠላሳ ዓመት የምታስቀምጥ አለች።

እንደዚሁ በ1897 ስቶኒ ክሪክ በምትባል የገጠር ቀበሌ 101 ሴቶች ተሰብስበው «የሴቶች ተቋም» የተባለውን ማኅበር መሠረቱ። ሐሳቡን ያነሣሡት አደሌድ ሁድለስ ሕፃን ልጃቸውን በሞት ያጡ እናት ነበሩ፤ የሞቱንም ምክንያት በተበከለ ወተት ያመካኙ ነበር። የገጠር ሴት ስለ ንጽሕናና ስለ ምግብ ትምህርት ታግኝ ነው ጥያቄያቸው። ማኅበሩ ብዙ አገር ተዛመተ። የታርት አሠራር ከቤት ወደ ቤት የዞረው እንዲህ ባሉ ስብሰባዎች ላይ፣ ሻይ እየተጠጣ ነው ብል አልሳሳትም።

ስለ ስኳሩ አንድ ነገር ሳልል ባልፍ የታሪክ ተማሪነቴ ይታዘበኛል። ካናዳ ሸንኮራ አታበቅልም። ሬድፓዝ የተባለው ፋብሪካ በ1854 ሞንትሪያል ላይ ተከፍቶ ስኳር ማጣራት ሲጀምር ጥሬው የሚመጣው ከሞቃት አገር፣ በተለይም ከካሪቢያን ነበር። በዚያ በእንግሊዝ ግዛት ባርነት በሕግ ከቀረ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። የኦንታሪዮዋ ገበሬ ሚስት ቡናማውን ስኳር በማንኪያ ስትሰፍር ሸንኮራውን የቆረጠው ሰው ማን እንደነበር አታውቅም፤ የእሱ ስም በባል ስምም አልተጻፈም።

አሁን ወዳለው እንምጣ። ከባሪ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ በጆርጂያን ባሕረ ሰላጤ ዳር ሚድላንድ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። አካባቢው የዌንዳት ሕዝብ አገር ነበር። በ1639 ኢየሱሳውያን ሚሲዮን የተከሉበት፣ በ1649 በጦርነት ሲፈርስ ራሳቸው ያቃጠሉት፣ ዌንዳቶችም የተበተኑበት ስፍራ ነው። በዚህች ከተማ ከ2013 ጀምሮ በየዓመቱ የቅቤ ታርት በዓል ይከበራል። ዋናው መንገድ ለመኪና ይዘጋል፤ በአስር ሺህ የሚቆጠር ሰው ይጎርፋል፤ ታርቱ በሣጥን በሣጥን ይሸጣል። በውድድሩ ዳቦ ቤቶች ለብቻ፣ በቤታቸው የሚጋግሩ ለብቻ ይወዳደራሉ። ነባሩ አሠራርም ከአዲስ ፈጠራው ተለይቶ ይዳኛል። በዚህኛው ክፍል የማይገባ ነገር የለም፤ ቸኮላት ቢሉ፣ የአሳማ ሥጋ ጥብስ ቢሉ። እኔ ነባሩን እመርጣለሁ፤ ወግ አጥባቂ በሉኝ።

በዚያው በ2013 ሁለት የኦንታሪዮ አካባቢዎች «የታርት ጎዳና» በሚለው የቱሪስት መስመር ስም ተጣልተው የጠበቃ ደብዳቤ እስከ መጻጻፍ ደርሰዋል። በኋላ አንዱ «ዙር» ተብሎ ተስማሙ። በ2019 ደግሞ የካናዳ ፖስታ ቤት ታርቷን ከሌሎች አራት ጣፋጮች ጋር ቴምብር ላይ አወጣት። ስም ያልነበራት ጋጋሪ ሥራ ቴምብር ሆነ፤ ቴምብር የንጉሥና የጄኔራል ቦታ ነበር እኮ።

የቀረው የዘቢቡ ክርክር ነው። «ዘቢብ ያለበት ታርት ታርት አይደለም» የሚሉ አሉ፤ «ዘቢብ የሌለበት ባዶ ስኳር ነው» የሚሉም አሉ፤ በዚህ ሳቢያ ባልና ሚስት ሁለት ትሪ ለየብቻ ይጋግራሉ። ተከራካሪዎቹ ሁሉ የአያቶቻችን ወግ ይላሉ። ወይዘሮዋ ግን በ1900 ኩራንቱን ጨምረውበት ሄደዋል።